የኢጣሊያ ቀይ ወይንና የየጁ ማዕድ

በመጀመሪያው ምዕት ዓመት፥ ስሙን ያልነገረን፥ በግሪክ ቋንቋ የሚጽፍ አንድ ነጋዴ የቀይ ባሕርን ወደቦች አንድ በአንድ እየዞረ በየወደቡ የሚገባውንና የሚወጣውን ሸቀጥ ሲመዘግብ፥ ወደ አዱሊስ ከሚራገፈው ብረትና ናስ፥ ከልብሱና ከብርጭቆ ዕቃው ጋር፥ ከሎዶቅያና ከኢጣሊያ የሚመጣ ጥቂት የወይን ጠጅ መኖሩን ጽፎልን አልፏል። ጥቂት ማለቱም እውነት ይመስለኛል፤ ማርና ገብስ በሞላበት አገር፥ ከሮም ምድር ተነሥቶ፥ ግብፅን አቋርጦ፥ በመርከብ ተጭኖ የሚደርስ ወይን የነገሥታትና የመኳንንት፥ በወደቡም የሚኖሩት የባዕድ ነጋዴዎች መጠጥ እንጂ የሕዝብ መጠጥ ሊሆን አይችልም ነበርና። ነገር ግን ይህች አጭር ቃል ለእኛ ታላቅ ምስክር ናት፤ የኢጣሊያ ወይን ወደዚህ አገር የገባው ብዙዎቻችን እንደምናስበው በ1928 ዓ.ም. ከጦር ሠራዊት ጓዝ ጋር ሳይሆን፥ ከዚያ አሥራ ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ፥ በሰላማዊ ነጋዴ እጅ፥ በዝሆን ጥርስና በአውራሪስ ቀንድ እየተለወጠ መሆኑን ታስረዳለችና።

የአክሱም ሰዎችም ወይንን በባዕድ መርከብ ብቻ የሚያውቁት አልነበሩም። በአክሱም በተደረገው ቁፋሮ የወይን ፍሬ ዘር ተገኝቷል፤ ወይንና ዘይት ይጫንበት የነበረው ባለ ሁለት ጆሮ እንስራ ስብርባሪም ከምድር ወጥቷል፤ በታላላቆቹ ሐውልቶች ግርጌ በተነጠፉት ድንጋዮች ላይ ደግሞ ለሙታን መታሰቢያ መጠጥ የሚፈስባቸው የሚመስሉ ጽዋዎች ተቀርጸው ይታያሉ። ንጉሥ ኢዛናም የቤጃን ሰዎች ድል አድርጎ ወደ ሌላ ምድር ባሰፈራቸው ጊዜ፥ በመንገዳቸው ሁሉ ምግብና መጠጥ እንዳልጐደለባቸው፥ ከመጠጡም መካከል ወይን እንደ ነበረበት በድንጋይ ላይ አስጽፎ ትቶልናል።

ክርስትና የመንግሥት ሃይማኖት ከሆነ ወዲህ ግን የወይን ነገር ከቤተ መንግሥት ማዕድ ይልቅ በቤተ መቅደስ ጸና። ያለ ወይን መሥዋዕት የለም፤ ወይን ደግሞ በየደብሩና በየገዳሙ እንደ ልብ የሚበቅል ተክል አይደለም፤ ስለዚህ አባቶቻችን የደረቀውን ፍሬ፥ ዘቢቡን ይዘው ሥርዓቱን አጸኑ። ዛሬም በወልድያም ሆነ በመርሳ፥ በላስታም ተራሮች ባሉት አድባራት፥ ዘቢቡ በቤተ ልሔም ተለቅሞ፥ ታጥቦ፥ በንጹሕ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ፍሬው ውኃውን ጠጥቶ ሲያብጥ ዲያቆኑ በእጁ ያሸዋል፥ ይጨምቀዋል፥ ያጠለዋልም፤ የሚወጣውም ጭማቂ ወደ ቀይ የሚያደላ፥ ለስላሳና ጥቂት ጣፋጭ፥ ስካር የሌለበት ነው። ከኅብስቱ ጋር ተሸፍኖ፥ በጥላና በቃጭል ታጅቦ ከቤተ ልሔም ወደ መቅደስ ሲሄድ ምእመናን ይሰግዳሉ። የዓለምን የወይን ታሪክ ከሚጽፉት የውጭ አገር ሊቃውንት ብዙዎቹ፥ ይህን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ የኖረ የወይን ሥራ በአንድ ቃል እንኳ ሳያነሡት ማለፋቸው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

በዚሁ በሰሜን ወሎ ምድር፥ በላስታ፥ ከዛጔ ነገሥታት አንዱ የሆነው ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ንግሥናን ከክህነት ጋር አስተባብሮ ይዞ ሲኖር፥ ለቅዳሴው የሚሆነው ኅብስትና ወይን ከሰማይ ይወርድለት እንደ ነበር ገድሉ ይተርካል። ወይን በብርቅ በሚገኝበት አገር፥ ለጻድቁ ከተሰጡት ጸጋዎች ሁሉ መካከል ይህ ጸጋ ተለይቶ መነገሩ፥ የላስታ ካህናት ስለ ወይን እጦት ምን ያህል ይጨነቁ እንደ ነበር ያሳየኛል። ይህንኑ ትውፊት ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ላስታ የወጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከአገሩ ሰዎች አፍ ሰምቶ በመጽሐፉ ጽፎታል።

አልቫሬዝ ከመልክተኛው ከሮድሪጎ ደ ሊማ ጋር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1520 በምጽዋ በኩል ገብቶ፥ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሲጓዝ፥ ዛሬ ራያና የጁ በምንላቸው አገሮች አካባቢ የነበረውን አንጎትን አቋርጧል። በዚያም የአገሩ ገዥ፥ አንጎት ራስ ተብሎ የሚጠራው፥ እንግዶቹን ግብር አበላቸው። እጅ ታጠቡ፤ ከልዩ ልዩ እህል የተጋገረ እንጀራ ቀረበ፤ ከዚያም ጥሬ የከብት ሥጋ ከሐሞት ጋር ከተሰናዳ ማባያ ጋር ወጣ፤ ጠጁም ያለ ማቋረጥ ይቀዳ ነበር። ፖርቱጋሎቹ ጥሬውን ሥጋ ሊቀምሱት አልደፈሩም፤ አስተናጋጆቻቸው ግን እንደ ታላቅ ክብር ይበሉት እንደ ነበር ቄሱ በመገረም ይናገራል። ስለ መጠጥም ሲጽፍ፥ ከወይን ፍሬ የሚጠመቅ ጠጅ በግልጽ የሚሠራው በሁለት ቤት ብቻ፥ በንጉሡና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት እንደ ሆነ፥ በቀረው ሁሉ ግን ቅዳሴው በዘቢብ ጭማቂ እንደሚፈጸም መስክሯል። እንግዲህ የአገራችን ማዕድ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በሚገባ የተሟላ ነበር ማለት ነው፤ ጥሬ ሥጋ፥ ወጥና እንጀራ ባሉበት ገበታ ላይ የተቀመጠው መጠጥ የማር ጠጅ ሲሆን፥ ወይን ግን በቤተ ልሔም ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ምዕት ዓመታት በፍጥነት እናልፋቸዋለን። አንጎት በግራኝ ጦርነትና በኋላም በሕዝብ ፍልሰት ተለውጦ ስሙ ጠፋ፤ የጁ ተነሣ፤ የየጁ መኳንንትም በዘመነ መሳፍንት በጎንደርና በደብረ ታቦር የዐፄውን ዙፋን ሞግዚት ሆነው ያዙት። በእንፍራንዝና በጣና አቅራቢያ ወይን ይተከል እንደ ነበር በ18ኛው ምዕት ዓመት የመጣው ጄምስ ብሩስ ቢጽፍም፥ የታላላቆቹ ግብር መጠጥ እስከ መጨረሻው በብርሌ የሚቀዳው ጠጅ ነበር፤ እስላም በሆነው የወሎ ቤት ደግሞ ብርዝና ቃሪቦ የእንግዳውን ጥም ያረኩ ነበር።

በነዚያው ዘመናት የኢጣሊያ ሰዎች በየአውራጃቸው ወይንን ወደ ጥበብ ደረጃ ከፍ ያደርጉ ነበር። የቶስካና መስፍን ኮዚሞ ሣልሳዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1716 ኪያንቲ የሚባለው ወይን ከየትኛው ኮረብታ እስከ የትኛው ኮረብታ ባለው ምድር እንደሚሠራ በዐዋጅ ከለለ፤ ይህም ለወይን አገር ድንበር ከተደነገገባቸው ዐዋጆች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ኢጣሊያ በዚያው አቈጣጠር በ1861 አንድ መንግሥት ከሆነች በኋላ ሁለተኛው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ቤቲኖ ሪካሶሊ፥ በርስቱ ለብዙ ዓመት ሲሞክር ኖሮ፥ በ1872 ለአንድ የፒሳ መምህር በጻፈው ደብዳቤ የኪያንቲን አሠራር ወሰነ፦ ሳንጆቬዜ የተባለው ወይን ሽታውንና ኃይሉን ይሰጣል፤ ካናዮሎ የተባለው የዚያን ሻካራነት ያለሰልሳል፤ ቶሎ ለሚጠጣው ወይን ደግሞ ማልቫዚያ የተባለ ነጭ ወይን ጥቂት ይጨመርበታል። አንድ የአገር መሪ የነበረ ሰው ከሥልጣን ወርዶ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራቱ፥ ከቀረው ተግባሩ ሁሉ ይልቅ ለሕዝቡ የበለጠ ቅርስ እንደ ሆነለት አምናለሁ።

ነገር ግን ያው አዲስ መንግሥት ዓይኑን ወደ ቀይ ባሕር አቀና። ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወርድ ሰው መርሳንና ውርጌሳን አልፎ ወደሚደርስባት ወደ ውጫሌ፥ የኢጣሊያ መልክተኛ ፔትሮ አንቶኔሊ መጥቶ፥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ጋር ውል ተዋዋለ፤ በዚያ ውል 17ኛ አንቀጽ ምክንያት የተነሣው ጠብ እስከ ዐድዋ ወስዶ፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ድል ተፈጸመ። ይህን ሁሉ ሰው ስለሚያውቀው አላስረዝመውም፤ ለጉዳያችን የሚበቃው፥ መርሳ ያለችበት የሐብሩ ወረዳ ሰው የኢጣሊያን ስም አስቀድሞ የሰማው በወይን ሳይሆን በውልና በጦር መሆኑ ነው።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የተደረገው ጦርነት ለእኛ ሳይቀና ቀረ፤ የሸሸው ሕዝብና ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ ዳር በመርዝ ጋዝ ተቃጠለ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ወደ ላሊበላ ወጥተው ጸሎት ካደረሱ በኋላ ወደ ሸዋ ተመለሱ። የጠላት ጦር በቆቦና በወልድያ በኩል ወርዶ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴን ያዘ። ከዚያ ቀጥሎ ጣልያኖች ከአሥመራ እስከ አዲስ አበባ የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና፥ በአላማጣ፥ በቆቦ፥ በወልድያ፥ በመርሳና በደሴ አድርገው፥ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሠራተኛ ከአገራቸው አምጥተው ሠሩት። ስንቁ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነበር፤ ዱቄቱ፥ ፓስታው፥ በቆርቆሮ የታሸገው የቲማቲም ድልህ፥ የወይራው ዘይት፥ በገለባ የተሸፈነ ሆዳም ጠርሙስ የሆነው ፊያስኮም።

እኛ እነዚያን ወታደሮችና ሠራተኞች ሁሉ በአንድ ስም ጣልያን ብለን ጠራናቸው እንጂ፥ እርስ በርሳቸው ከአንድ ማዕድ የተነሡ አልነበሩም፤ መንግሥታቸው አንድ ከሆነ ገና 75 ዓመቱ ነበር፥ እያንዳንዱም የአውራጃውን ወይንና የአውራጃውን ወጥ በልቡ ይዞ መጥቶ ነበር። በማይጨው ከተሰለፉት መካከል ከሰሜን ተራሮች የመጡ የአልፒኒ ወታደሮች ነበሩ። የሰሜኑ የፒዬሞንቴ ሰው ኔቢዮሎ ከተባለው ወይን የሚሠራውን፥ ምላስን ጠበቅ አድርጎ የሚይዘውንና ብዙ ዓመት የሚቀመጠውን ባሮሎን፥ በዚያው ወይን ቀኑን ሙሉ በዝግታ ከበሰለ የበሬ ሥጋ ጋር ይወድዳል፤ ለዕለት ገበታው ግን የሚያነሣው ባርቤራን ነው፤ ቀለሙ የጠቆረ፥ ጉሮሮ የሚያነቃ ኮምጣጣነት ያለው፥ ነገር ግን አፍን ብዙ የማያደርቅ ወይን ነው። ከሁሉም የሚያስደንቀኝ፥ በዚያው በፒዬሞንቴ፥ በአልባ ከተማ ዙሪያ፥ የጥጃ ጥሬ ሥጋ በቢላ ደቅቆ፥ በወይራ ዘይትና በጨው፥ አንዳንዴም በሎሚ ተለውሶ ለክብር እንግዳ መቅረቡ ነው። ያንን ሥጋ በባርቤራ እያወራረደ ያደገ ሰው፥ በየጁ ቤት ብርንዶ ቢቀርብለት ከፖርቱጋሎቹ ይልቅ ለማዕዱ በቀረበ ነበር፤ የመጣው ግን በእንግድነት ስላልነበር ያ ማዕድ አልተዘረጋም።

ከቬሮና ኮረብታዎች የመጣው ደግሞ ሌላ ጥበብ ያውቅ ነበር። በቫልፖሊቼላ ምድር ለምርጡ ቀይ ወይን የሚሆነው ፍሬ ከተለቀመ በኋላ ወዲያው አይጨመቅም፤ በቀርከሃ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ሦስትና አራት ወር እስኪጨማደድ ድረስ ይደርቃል፤ ከዚያ ሲጨመቅ ጣፋጩ ሬቾቶ፥ ስኳሩ ሁሉ ፈልቶ ሲያልቅም ደረቁና ኃይለኛው አማሮኔ ይሆናል። የቤተ ልሔማችንን ዘቢብ ለሚያውቅ ሰው ይህ ባዕድ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ እነርሱ ከፊል የደረቀውን ፍሬ በራሱ ጭማቂ ሲያፈሉት፥ እኛ ፈጽሞ የደረቀውን በውኃ አስነሥተን ሳይፈላ ለመሥዋዕት ማቅረባችን ነው። ከቦሎኛና ከሞዴና የመጣው ሰው ላምብሩስኮን፥ አረፋ የሚያወጣውንና ቀለል ያለውን ቀይ ወይን፥ ከአሳማ ሥጋና ሞርታዴላ ከሚባለው የአሳማ ቋሊማ ጋር ይጠጣል፤ ይህ ምግብ በእኛ ዘንድ፥ ክርስቲያን ብንሆን እስላም፥ የማይነካ ነውና ከወይኑ በቀር የሚነገር የለንም። ቶስካናዊው ኪያንቲውን በከሰል ከተጠበሰ የበሬ ጎድንና ከተቀቀለ ቦሎቄ ጋር ያስባል። የአብሩዞ እረኛ ሞንቴፑልቻኖ የተባለውን ወይን፥ የበግ ሥጋ በጥቂት በጥቂቱ ተቆርጦ በእንጨት ተሰክቶ በፍም ላይ ከሚጠበሰው ጥብስ ጋር፥ የሰርዲኒያውም ሰው ካንኖናውን ከበግና ከበግ አይብ ጋር ይጠጣል። ከደቡብ፥ ከቬሱቪዮና ከቩልቱሬ እሳተ ገሞራ አፈር የሚወጣ አልያኒኮ፥ ከፑልያ ፕሪሚቲቮና ኔግሮአማሮ፥ ከሲሲሊያም ኔሮ ዳቮላ አለ፤ እነዚህ የፀሐይ አገር ወይኖች ኃይላቸው ብርቱ ስለ ሆነ፥ የደከመውን የሰሜኑን ወይን ለማበርታት በበርሜል ይጫኑ ነበር። በወልድያ መንገድ የተራገፈው ወይን ሁሉ ከነዚህ ምርጦች ነበር ማለቴ አይደለም፤ ሰዎቹ ሲጠጡ የሚያስቡት ግን እነዚህን ነበር።

የወልድያና የላስታ ሰው ደግሞ በዚያን ጊዜ የሚያስበው ሌላ ነበር። በ1930 ዓ.ም. መባቻ የዋግና የላስታ አርበኞች ተነሡ፤ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ተዋግተው ወደቁ፥ ጠላትም ራሳቸውን ቆርጦ ለሕዝብ መቀጣጫ አሳየ። እንግዲህ ስለ ኢጣሊያ ወይን በዚህ አገር የሚጽፍ ሰው፥ ፊያስኮው የመጣበት መንገድ የእነዚህ ሰዎች ደም የፈሰሰበት መንገድ መሆኑን ሳያነሣ ቢያልፍ ታሪክን ያጎድላል።

ደሴ በሚያዝያ፥ አምባ አላጌ በግንቦት 1933 ዓ.ም. ነፃ ከወጡ በኋላ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው ባዘዙት መሠረት ብዙ ጣልያኖች በአገሩ ቀሩ፤ መካኒክ፥ ሾፌር፥ ግንበኛና የምግብ ሠራተኛ ሆኑ። በአዲስ አበባ በፒያሳ የካስቴሊ ቤት የመሳሰሉ ምግብ ቤቶች ስም አወጡ፤ በአውራ ጎዳናው ላይ ደግሞ ትሬንታ ኳትሮና በኋላም ኤንትሬ የሚባሉት የጭነት መኪናዎች በሚያድሩባቸው ከተሞች ሁሉ፥ በወልድያም ጭምር፥ ፓስታ በስጎ የመንገደኛ ምግብ ሆኖ ጸና። ስጎውም እዚሁ ወሎዬ ሆነ፤ ሽንኩርቱ በዘይት በዝግታ ይቁላላል፥ የደቀቀ ሥጋ ይገባበታል፥ ቲማቲሙ ሲፈርስ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት በርበሬ ይጨመርበታል፥ ቃሪያ በጎን ይቀርባል፤ አንዳንዱ መንገደኛም ፓስታውን በሹካ መጠቅለሉን ትቶ በእንጀራ ይጠቀልለዋል። ምግቡ በአሥመራ መንገድ መጥቶ መልኩን ለውጦ ቤተኛ ሲሆን፥ አብሮት የመጣው ወይን ግን ቤተኛ አልሆነም፤ ጠላና ጠጅ፥ ከዚያም ቢራ ስፍራውን ያዙት።

ወይኑ በፋንታው ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ሥር ሰደደ። በልደታና በመካኒሳ የነበሩት የወይን ፋብሪካዎች፥ በአምቦ አቅራቢያ ያለችውን የጉደርን ስም የያዘውን ቀይ ወይን፥ ጣፋጩን አክሱሚትን፥ ነጩን ከሚላን በአገሩ ሁሉ አሠራጩ። ደርግ ፋብሪካዎቹን ወርሶ አዋሽ የወይን ጠጅ በሚል ስም በመንግሥት እጅ አቆያቸው፤ ወይኑም በአርሲ በመርቲ ጀርሱ ከሚገኘው እርሻና ከውጭ ከሚገባ ዘቢብ ይጠመቅ ነበር። በሠርግና በምረቃ የወይን ጠርሙስ በጠረጴዛ ላይ ማኖር የከተሜ ልማድ የሆነው በእነዚህ ጠርሙሶች ነው፤ ሕዝባችንም ከሁሉ አክሱሚትን መምረጡ፥ ጠጅ የለመደ ምላስ ጣፋጭን ስለሚፈልግ ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚህ መካከል ግን ወሎ የመጠጥና የምግብ ምርጫ የማይነገርበትን ዘመን አሳልፏል። በ1965 እና በ1966፥ ደግሞም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኃብ፥ ያው አስፋልት ጎዳና፥ ከቆቦ እስከ ሐይቅ፥ እህል ፍለጋ ከቀዬው በወጣ ሕዝብ ተሞላ፤ ብዙዎች በመንገዱ ዳር ቀሩ። የዚህ አገር ሰው እንግዳውን ብላ፥ ጠጣ፥ በሞቴ እያለ የሚያስጨንቀው ማጣትን ስለሚያውቅ ጭምር ነው።

ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ካስቴል የተባለው የመጠጥ ኩባንያ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ የፈረንሳይ ወይን ተክሎች፥ ሜርሎ፥ ሲራና ካቤርኔ ሶቪኞን፥ ነጩንም ሻርዶኔ ተክሎ፥ በ2006 ዓ.ም. ሪፍት ቫሊና አካሲያ የተባሉትን ወይኖች ለገበያ አወጣ፤ አዋሽም በዚያው ዘመን ገደማ ወደ ግል ይዞታ ተዛወረ። ሐብሩ በዚህ ታሪክ ውስጥ እስካሁን ገዢ እንጂ አምራች አይደለም። በመስኖ የሚለማው የመርሳና የግራና ምድር ማንጎ፥ ፓፓያና ብርቱካን ያወጣል፤ በስሪንቃም የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ወደ ገበያ በሚወጣው ፍሬ መካከል ግን ወይን እምብዛም አይታይም። ወይን ተክሉ ከደረቅ አየርና ከሚጠልቅ አፈር ጋር ይስማማል፥ በክረምት ዝናብ ግን ቅጠሉና ፍሬው ይሻግታል፤ ስለዚህ በሐብሩ ይተከል ቢባል ተክሉ በትክክለኛው ወር እየተገረዘ ፍሬው በበጋ እንዲደርስ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ለመሞከር የሚበቃ ገበሬና ባለሙያ በዚያ አውራጃ እንዳለ አልጠራጠርም።

እስከዚያው ድረስ ጠርሙሱ ከሌላ አገር መጥቶ በወልድያ ማዕድ ላይ ይቀመጣል፤ እንዴት ተመርጦ እንደሚቀመጥ ግን ልናስብበት የሚገባን ጊዜ ደርሷል። ቀይ ወይን ከቆዳውና ከዘሩ ታኒን የሚባል አፍን የሚያደርቅ ነገር ይወጣዋል፤ ይህ ነገር ከሥጋና ከስብ ጋር ሲገናኝ ይለሰልሳል፥ ከበርበሬ ጋር ሲገናኝ ግን ይሻክራል፤ የአልኮሉም ብርታት የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል። ስለዚህ ኃይለኛውን ባሮሎ ወይም አማሮኔ ከቀይ ወጥ ጋር ማቅረብ ወይኑንም ወጡንም መበደል ነው። ቅመም ለበዛበት የበግ ወጥ ቀለል ያለና ጥቂት ጣፋጭ ላምብሩስኮ ይስማማል፤ ለደረቅ የበግ ወይም የፍየል ጥብስ፥ ሮዝሜሪውና ቃሪያው በመጠኑ ሲሆን፥ የአብሩዞ ሞንቴፑልቻኖ ወይም ካንኖናው፤ ለፓስታ በስጎ፥ ቲማቲሙ ኮምጣጣ ስለ ሆነ፥ እርሱም በፋንታው ኮምጣጣ የሆነው ኪያንቲ ይመረጣል፤ ኮምጣጣ ያልሆነ ወይን ከቲማቲም ጎን ሲቀመጥ እንደ ውኃ ይሆናልና። በቅቤ ለራሰ ክትፎም ሆነ በአዋዜ ለሚበላ ብርንዶ ባርቤራን የሚስተካከል አላውቅም፤ ኮምጣጣነቱ ቅቤውን ከምላስ ላይ ይጠርገዋል፥ ታኒኑም ጥቂት ስለ ሆነ ከአዋዜው ጋር አይጣላም።

በመርሳ ቀትር ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይቀዳ የሚለው የአውሮፓ ልማድ አያገለግልም፤ የእነርሱ ክፍል ቀዝቃዛ ነው፥ 16 ወይም 18 ዲግሪ ማለታቸው ነውና፥ ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት ለጥቂት ጊዜ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቢቆይ ይሻላል። ወይኑን ከኮካ ጋር መቀላቀል የለመዱ ወጣቶችም፥ ጣፋጭ ከፈለጉ አክሱሚትን ለብቻው ቀዝቀዝ አድርገው ከምግብ በኋላ ቢቀምሱት የወይኑን ጣዕም አያጡም። ከውጭ የሚገባው የኢጣሊያ ወይን ዋጋው በቀረጥና በመንገድ ስለሚከብድ፥ ኪያንቲ ወይም ባርቤራ ያላገኘ ቤተሰብ ለጥብሱና ለጥሬ ሥጋው የዝዋዩን ሲራ፥ ለፓስታው ጉደርን ሊይዝ ይችላል። ከሁሉ ከባዱ የዶሮ ወጥ ነው፤ ሽንኩርቱ ለብዙ ሰዓት ተቁላልቶ ስለሚጣፍጥ፥ በርበሬውም ስለሚበዛበት፥ ከሞከርኳቸው ቀይ ወይኖች ሁሉ አንዱም አላሸነፈውም፤ ለእርሱ ጠጅ ይቀዳ፥ እስላም እንግዳ ካለም ብርዝ ይቅረብለት፥ ቀዩም ወይን ጥብሱ እስኪመጣ ድረስ ይቆይ።